ፍሬኑ ደህና ነበር

ዘመኔን ሁሉ ለማንም ሳልነግር የኖርኩትን ነገር ከሁሉ አስቀድሜ ልጻፈው። ባሌ የሞተው የመኪናው ፍሬን እምቢ ብሎት አይደለም። መሪ እንደያዘ ተኝቶ ነው።

የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሲያንኮራፋ ግድግዳው ይነዝራል። ጎረቤቶቻችን «ወፍጮው» ይሉት ነበር፤ ጠዋት ሲያገኙኝ «ዛሬስ ስንት ኩንታል ፈጨ?» ይሉኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እነሱ የማይሰሙት ዝምታውን ነው። ማንኮራፋቱ በመሐል ድርግም ይላል፤ ደረቱ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። በክርኔ እስክጎስመው፣ ወይም ራሱ እንደታነቀ ሰው ባንኖ እስኪስብ ድረስ እንዲያ ነው። ቅዠት ይመስለኝ ነበር። ቀን ደግሞ ማንኪያ በእጁ እንደያዘ ያንቀላፋል። ድካም ይመስለኝ ነበር።

መኪናው ገደል ሲገባ ጋቢና ውስጥ የነበሩ ሁለት መንገደኞችም አብረውት ሞቱ። ፍሬን ነው ተባለ። ፍሬኑን የሠራው የሰፈራችን መካኒክ ስብርባሪውን ሲመረምር ውሎ በጓሮ በር ገባና፣ «እትዬ፣ ፍሬኑ ደህና ነበር። ጭራሽ አልተረገጠም። አስፋልቱ ላይ የጎማ ጭረት እንኳ የለም። ሰውየው ተኝቶ ነበር» አለኝ። የሟቾቹ ዘመዶች ከፊት ለፊቱ ክፍል ሆነው ከእኔ ቤተሰብ ጋር ያለቅሱ ነበር። ተኝቶ ገደላቸው ቢባል ማን አብሮን ያለቅሳል? «ዝም በልልኝ» አልኩት። «የሞተ ሰው ነው፤ ስሙን አትግደልብኝ።» ዝም አለልኝ። ከዚያ ደንበኛ ሸሸው፣ ጋራዡን ዘጋ፣ ዕቃውን ጭኖ ከሰፈር ወጣ። የት እንደደረሰ አላውቅም። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ።

ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ንባብን ያጠነከርኩት ባሌ ከሞተ በኋላ ብቻዬን ነው። ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ በገዛሁት አንድ የጤና መጽሐፍ ውስጥ የባሌን እንቅልፍ አገኘሁት። በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቋረጥ ይባላል፤ ሕክምናም አለው። ገጹን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ለማንም ግን አላነበብኩለትም።

ከዚህ በታች ያሉት እኔና የባሌ ወንድም ልጅ የተጻጻፍናቸው ደብዳቤዎች ናቸው፤ አንዱ ብቻ የሚስቱ ነው። እኔ ቤት ያደገ፣ አጎቱን አይቶ ሾፌር የሆነ፣ አሁን በሰው አገር የሚኖር ልጄ ነው። ስልክ ላይ ቃል ስለሚጠፋኝ በደብዳቤ ነው የምንገናኘው። እኔ የምልከውን ሁሉ መጀመሪያ በረቂቅ እጽፋለሁ፤ ስለዚህ የሁለታችንም ቃል እጄ ላይ አለ።

*

መስከረም 20

ለማልጠግብሽ እትዬ፤

ሰላምታዬ ከደጅሽ ተነሥቶ እስከ ጓዳሽ ይግባልኝ። ጉልበትሽን ያጽናው፣ ዓይንሽን ለመጽሐፍሽ ያቆየው። እኛ ደህና ነን። ልጆቹ ከቁመታቸው ይልቅ ምላሳቸው አድጓል።

አዲስ ሥራ ይዣለሁ፤ የፋብሪካ ሠራተኞች ሰርቪስ አውቶቡስ ነው። ጎህ ሲቀድ አስገባቸዋለሁ፣ ሲመሽ አወጣቸዋለሁ፤ በመሐሉ ወንበሬ ላይ እንደ ዶሮ ሸለብ ያደርገኛል። ስለ እኔ አትስጊ። ከዚህ ድርጅት ሾፌሮች ሁሉ እንደ እኔ ፍሬን የሚፈትሽ የለም። ሞተር ከማስነሣቴ በፊት ከመካኒኩ ጋር ከሥር እገባለሁ። የአገራችን ሰው ነው፤ ጓንት ከእጁ ስለማይወጣ «ጓንቴ» እንለዋለን። ጣቶቹ የሚታዩት ምሳ ሲበላ ብቻ ነው። «አንተ ሰው፣ ትናንት አይተኸው የለም ወይ? ፍሬን እንደ ጥርስ በየጠዋቱ ይፋቃል እንዴ?» ይለኛል። ይሣቅ። አጎቴን የበላውን አውሬ አውቀዋለሁ፤ እኔን አያገኘኝም።

አሁን ወደ ክሴ ልግባ። ሚስቴ ትራሷን ታቅፋ ልጆቹ ክፍል ገብታለች። «ከወፍጮ ጋር አልተዳርኩም» አለችኝ። የአጎቴን ቅጽል ስም የነገርኳት እኔው ነኝ፤ በገዛ ምላሴ ታሰርኩ። እትዬ፣ አንቺ ታላቅ ነሽ፣ ቃልሽ ይከበራል። ሁለት መስመር ጻፊላትና ወደ አልጋዋ ትመለስ። እኔ ስቆጣ ትስቃለች።

የምትፈልጊውን ንገሪኝ። መነጽርሽ አላረጀም? መንገደኛ ሳላጣ ልላክልሽ።

ልጅሽ

*

ጥቅምት 3

ለልጄ፤

መውጫህንም መግቢያህንም የላይኛው ይጠብቅልኝ። የልጆቹን ግንባር ሳምልኝ፤ ምላሳቸውን አታሳጥርባቸው፣ ያስፈልጋቸዋል።

ክስህን አይቻለሁ፤ አልፈርድልህም። ለሚስትህ ጽፌላታለሁ፤ የጻፍኩላት ግን አንተ ያሰብከውን አይደለም። አንድ ሌሊት ብቻ አጠገብህ ነቅታ እንድታዳምጥህ ነው የለመንኳት። ስታንኮራፋ ሳይሆን ዝም ስትል ታዳምጥ። ትንፋሽህ ይቆም እንደሆነ፣ ከቆመም ታንቀህ ትባንን እንደሆነ ትንገረኝ።

አንተም ሳትቀልድ መልስልኝ። ጠዋት ራስህን ያምሃል? አፍህ ደርቆ ትነሣለህ? ሰው እያወራህ ታሸልባለህ? የትራፊክ መብራት ላይ ቆመህ የኋላ መኪና ክላክስ ቀስቅሶህ ያውቃል? መጽሐፍ ላይ ስላነበብኩ ነው። ይህ የጥጋብ እንቅልፍ አይደለም። ጉሮሮ እየተዘጋ ሰውየው ሳያውቀው ሌሊቱን ሙሉ ሲባንን ያድራል፤ ሲነጋ ተኝቶ ያልተኛ ሰው ሆኖ ይነሣል። ወንበሬ ላይ እንደ ዶሮ ሸለብ ያደርገኛል ያልከኝን ሳነብ መጽሐፌን እንደገና ገለጥኩት።

መነጽር አልፈልግም። የምፈልገው ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ የሚል ደብዳቤ ነው። አጎትህም እንዲሁ ነበር የሚተኛው።

እትዬ

*

ታኅሣሥ 11

ለእትዬ፤

ጤና ይስጥልኝ። መልሴ የዘገየው ተናድጄ ነው፤ አልዋሽሽም። ሽማግሌ ሁኚልኝ ብዬ ብለምንሽ ሰላይ አስቀመጥሽብኝ።

ሚስቴ ነቅታ አደረች። ስነሣ ዓይኗ አብጧል። «ስንቴ ሞተህ ስንቴ ተነሣህ!» አለችኝ። «አፍህ ተከፍቷል፣ ደረትህ ይታገላል፣ ምንም አይገባም። ልጆቹን ቀስቅሼ ልጮህ ነበር።» «እንኳን ቀሰቀስሽኝ» ብላት፣ «አልቀሰቀስኩህም፤ ራስህ እንደ ሰመጠ ሰው ነው ብቅ ያልከው» አለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደ አልጋችን ተመልሳለች። ኩርፊያዬን እንኳ አላስጨረሰችኝም።

እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ጭንቅላቴና ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው አስተኙኝ፤ የተበላሸ ሬዲዮ መስዬ አደርኩ። ውጤቱ አንቺ እንዳልሽው ነው። ከባድ ነው አሉኝ። አፍንጫ ላይ የሚታሠር፣ አየር የሚነፋ ጭንብል ከነመሣሪያው ሰጡኝ። እትዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ እሱን ካደረግሁ ወዲህ እንደ ልጅነቴ ነው የምነቃው። ራስ ምታቱ የለም። መንገዱ ራሱ የታጠበ ይመስለኛል። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ሳልነቃ ነው የኖርኩት። መጽሐፍሽ ይባረክ።

አንድ ነገር ግን ሆድሽ ይቻለው። ሐኪሙ፣ «ጭንብሉን አዘውትረህ መጠቀምህን አይተን እስክንፈቅድልህ ድረስ መንዳት አቁም። ለአሠሪህም አሳውቅ» ብሎኛል። ያኔ ሚስቴ ውጭ ነበረች፤ አልሰማችም፣ አልነገርኳትም። ለድርጅቱም አልተነፈስኩም። መንዳት ያቆመ ሾፌር ምን ይባላል? አንዴ ከመሪው ካወረዱኝ ማን ያወጣኛል? ደግሞ እኮ ነገሩ እንቅልፍ ነው። አጎቴን የገደለው እንቅልፍ አይደለም።

ልጅሽ

*

ታኅሣሥ 29

ለልጄ፤

ሰላም ለቤትህ ይሁን። ጭንብሉ ስለተስማማህ ተመስገን ብያለሁ፤ መንገዱ የታጠበ ይመስላል ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት።

ሐኪሙ ያለህን ግን አድርግ። ለሚስትህ ንገራት፣ ለአለቃህም ንገር። እስኪፈቅዱልህ ጋራዥ ውስጥ ሌላ ሥራ ይስጡህ። ከጓንቴ ጋር ጎማ ብታነሣ ክብርህ አይቀንስም። ጭንብሉን አንድም ሌሊት አታስቀር፤ ዛሬ አድርጎ ነገ የተወ ሰው ነገ እንደ ድሮው ነው። እኔ ለማንም አልናገርም፤ አንተ ግን ተናገር።

እትዬ

*

በዚህ ደብዳቤ ረቂቅ ላይ፣ «አንተ ግን ተናገር» ከሚለው ቀጥሎ፣ «አጎትህን የገደለው ግን» ብዬ ጀምሬ ነበር። ሦስቱንም ቃላት ሰርዣቸዋለሁ። በላክሁለት ላይ የሉም።

*

የካቲት 18

ለማልጠግብሽ እትዬ፤

ጤናሽ እንዴት ከርሟል? እኛን ሥራ እንጂ በሽታ አልደፈረንም።

ድርጅቱ ተራችንን ቀያየረው። ቤቴ ሩቅ ስለሆነ የጠዋት ተረኛ ስሆን ጋራዡ አጠገብ ያለው የሾፌሮች ማረፊያ ነው የማድረው። በአንድ ክፍል ስድስት አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ የሁሉም ካልሲ። ጭንብሉን ይዤ የገባሁ ቀን ሣቁን ባየሽ! «ዝሆኑ መጣ፣ ኩምቢውን ለብሶ!» አለ አንዱ። ሌላው፣ «ሌሊት ሌሊት ነዳጅ ትቀዳለህ እንዴ?» አለኝ። ሲነጋ ስምሪት ሰጪው ሳይቀር «ዝሆኑ፣ ና ቁልፍህን ውሰድ» አለኝ። እየሣቅሁ ተቀበልኩት፤ ግን ፈራሁ። ወሬው ከዚያ ወደ አለቃው ቢደርስ ሐኪም ምን አለህ መባሉ አይቀርም። ስለዚህ መሣሪያው ቤት ነው የሚያድረው። ቤት ሳድር አደርገዋለሁ፤ ማረፊያ ሳድር እንደ ድሮዬ ነኝ። እዚያ እንደሆነ ሁሉም ያንኮራፋል፤ የወፍጮዎች ማኅበር በይው።

አንድ ቀን ትንሽ ነገር ሆነች። መንገዱ ቀጥ ያለ ነበር። ከኋላዬ ሴቶች ሲጮሁ ሰማሁ፤ ሳይ ጎማዬ ጠርዙ ላይ ጠጠር ይረግጣል። እዚያ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። «ውሻ ገባብኝ» አልኳቸው። ሁልጊዜ ከኋላዬ የምትቀመጥ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ ዝምተኛ ናት። ጠጋ ብላ፣ «እኔ ውሻ አላየሁም» አለችኝ። «አንቺማ ተኝተሽ ነበር!» አልኳት ጮክ ብዬ። አውቶቡሱ በሙሉ ሣቀባት። እሷም አንገቷን ደፋች።

ከዚያ ወዲህ መስኮት እከፍታለሁ፣ ሬዲዮ አስጮኻለሁ፣ ማስቲካ አላምጣለሁ። ጓንቴንም ጠርቼ ፍሬኑን እንደገና አስፈተሽኩት። እንከን የለበትም አለኝ። ስለዚህ አትስጊ።

ልጅሽ

*

ለዚህ ደብዳቤ መልስ ጽፌ ነበር። ያን ጊዜ ምንም አልሰረዝኩም፤ ወፍጮውን፣ ዝምታውን፣ መካኒኩ በጓሮ በር የነገረኝን ሁሉ ጻፍኩ። ፖስታ ቤት ወረፋ ያዝኩ። ከፊቴ አንዲት ሴት ብቻ ስትቀር፣ ልጁ አጎቱን በምን ዓይን ያየዋል አልኩ። እኔንስ? ደብዳቤውን ጉያዬ ውስጥ ከትቼ ተመለስኩ። ዝም ባለ አፍ ዝምብ አይገባም ይላሉ። እንዲያ እያልኩ ሳምንታት አለፉ። በመጨረሻ በምትኩ የላክሁት የሚከተለውን ነው።

*

መጋቢት 27

ለልጄ፤

የዘገየሁት ጉንፋን ይዞኝ ነው፤ አሁን ደህና ነኝ።

መስኮት መክፈት እንቅልፍን አያባርርም፤ ፊትህን ያቀዘቅዘዋል እንጂ። ሬዲዮውም አንተን አያነቃህም፤ ተሳፋሪውን ነው የሚያነቃው። ዓይንህ ሲከብድ ጥግ ይዘህ ቁም፤ ይጩኹ፣ ይዘግዩ። ዝሆን ቢሉህ ምን አለበት? የሣቀብህን ሰው ስም ነገ አታስታውሰውም። ጭንብሉን ይዘህ ግባ። እስኪፈቀድልህ ግን አትንዳ። ልብስ ሰፊዋን በሰው ፊት አሳፍረሃታልና በሰው ፊት ይቅርታ ጠይቃት። እውነቱን ያየችው እሷ ናት።

አሳድጌሃለሁ ብዬ ጠይቄህ አላውቅም። አሁን በዚያ እለምንሃለሁ።

እትዬ

*

ሚያዝያ 9

ይድረስ ለእትዬ፤

ጤናዎን እየለመንኩ ነው የምጽፍልዎ። እኔ ነኝ፣ የልጅዎ ሚስት። እሱ ቀኝ እጁና ጎድኑ ተሰብሮ ተኝቷል። ይተርፋል ብለውኛል። የመጨረሻው ደብዳቤዎ የደረሰን አውቶቡሱ ከተገለበጠ በኋላ ነው።

ጠዋት ሠራተኛ ጭኖ ሲሄድ ነው። ድልድዩ ጋ መንገዱ ሲታጠፍ እሱ አልታጠፈም። ብዙ ሰው ቆስሏል። ከኋላው ትቀመጥ የነበረች አንዲት ልብስ ሰፊ ሞታለች። እናቷ ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ጫማዋን ይዘው ተቀምጠው አየኋቸው፤ ማን መሆኔን አላወቁም፣ «ልጄ፣ ውኃ አቀብይኝ» አሉኝ። አቀበልኳቸው።

እሱ ፍሬን ነው ይላል። መካኒኩን ከሥራ አግደውታል፤ ፖሊስ እየተመላለሰ ይጠይቀዋል። ሚስቱ ደጄ ድረስ መጥታ፣ «ባልሽ አብሮት ከሥር ይገባ የለም ወይ? እሱ ያውቃል፤ ይናገር እንጂ!» እያለች አለቀሰችብኝ። ምን ልበላት? የማውቀው ያን ሌሊት ባሌ ማረፊያው እንዳደረና ጭንብሉ አልጋችን ሥር እንደነበር ብቻ ነው። ሐኪሙ ስለ መንዳት ያለው ነገር ነበር? ስጠይቀው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ለእርስዎ ሳይጽፍልዎ አይቀርም።

የመካኒኩ ሚስት አድራሻዋን ትታልኝ ሄዳለች። ምናልባት ሊያጽናኗት ቢፈልጉ ከታች ጽፌዋለሁ።

*

ሚያዝያ 21

እትዬ፤

በግራ እጄ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር በይኝ።

ደብዳቤዎቼን አቃጥያቸው። በተለይ ስለ ሐኪሙ የጻፍኩልሽን። ሚስቴ ብትጠይቅሽም ምንም አትበያት። ፍሬኑን ረገጥኩት፣ አልያዘልኝም፤ ለፖሊስ ያልኩት ይህንን ነው። ደጋግሜ ስለው እኔ ራሴ እያመንኩት ነው። ጓንቴ የእጅ ሙያ ያለው ሰው ነው፤ ሌላ ጋራዥ አያጣም። እኔ ግን እታሠራለሁ፤ ልጆቼ የነፍሰ ገዳይ ልጆች ይባላሉ። አጎቴን ያገኘው አገኘኝ፣ በቃ። እሱን ማን ወቀሰው? ሁሉም አለቀሰለት።

ጆሮዬ ውስጥ የዚያች ልጅ ድምፅ አለ። «ውሻ አላየሁም» ትለኛለች። ሌላ ምን ልጻፍልሽ።

አቃጥያቸው።

*

ግንቦት 2

ለልጄ፤

አጥንትህን ይጠግንልህ። ይህን ደብዳቤ ተቀምጠህ አንብበው።

አጎትህን ያገኘው አገኘኝ ብለሃል። እውነትህን ነው፤ እሱም ተኝቶ ነበር። ፍሬኑን አልረገጠውም። ያኔ መካኒኩ መጥቶ ነገረኝ፤ እኔ ዝም አሰኘሁት። የዚያ ሰው ቤት የፈረሰው ለባሌ ስም ብዬ ነው። አንተም ይህን ሁሉ ዘመን ከመኪና ሥር እየገባህ አውሬውን ስትፈልግ የኖርከው እኔ ባሳየሁህ ቦታ ነው። እዚያ አልነበረም፤ አብሮህ ነበር የሚተኛው። በታኅሣሥ ነግሬህ ቢሆን ምናልባት ከመሪው ትወርድ ነበር፤ ያቺ ልጅም ዛሬ ስፌቷ ላይ ትሆን ነበር። ምናልባትም አትሰማኝም ነበር። ከዚህ ጥፋት የአንተ አለ፣ የእኔም አለ። የራሴን ወስጃለሁ፤ የአንተን ልወስድልህ አልችልም።

አላቃጠልኳቸውም። ሁለተኛ መካኒክ በእኔ ዝምታ አይጠፋም።

ሌላ ሰው ሳይቀድምህ አንተው ሄደህ ተናገር፤ የተናገረ ሰውና የተነገረበት ሰው አንድ አይደሉም። ከታሠርክ እየጻፍኩልህ እኖራለሁ። ሚስትህ ጭንብሉን እንዲያስገቡልህ ትጠይቅ፤ እስር ቤትም ይተኛል። አልጠላሁህም። ልጄ ነህ።

እትዬ

*

እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። ሚስቱ ብቻ በሰው ልካ፣ ደብዳቤው እንደደረሰውና አንብቦ ትራሱ ሥር እንዳደረገው ነገረችኝ። መናገሩን አልነገረችኝም።

ስለዚህ የሁለታችንንም ደብዳቤዎች በየቀናቸው ደርድሬ፣ ከፊታቸው ይህን ጨምሬ አንድ ላይ ሰፍቻቸዋለሁ። ለፖሊስ አልላክኋቸውም፤ ቋንቋችንን አያነቡም። ለልጄ ሚስትም አልላክኋቸውም፤ ባሏን በእጇ እንድትሰጥ ማዘዝ ይሆንብኛል። እነዚህን ገጾች የሚቀበለው እውነተኛ ስሙን የማላውቀው፣ ልጄ ጓንቴ የሚለው የአውቶቡሶቹ መካኒክ ነው። ያሻውን ያድርግባቸው።